ተገዶ የገደለ ሰው፤ በኤርዴሞቪች የይግባኝ ፍርድ ላይ የቀረበ ሒስ

ሰው በወንጀል የሚጠየቀው ድርጊቱን በፈቃዱ ስለ ፈጸመው ነው፤ ይህን ማንኛውም የሕግ ተማሪ አስቀድሞ ይማረዋል። እንግዲህ ጠመንጃ ተደግኖበት «ግደል፤ አለዚያ ትሞታለህ» የተባለ ሰው ገድሎ ቢገኝ ሕግ ምን ይበለው? ጥያቄው በክፍል ውስጥ ለክርክር ብቻ የተፈጠረ አይደለም። የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት በ1997 እ.ኤ.አ. በሔግ ከተማ በይግባኝ የወሰነው የድራዠን ኤርዴሞቪች ጉዳይ ይህንኑ አንሥቶታል። እኛም በውሳኔው ያገኘነውን ጉድለት ለማመልከት እንሞክራለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤርዴሞቪች በቦስኒያ ሰርቦች ጦር ውስጥ የሚያገለግል የ23 ዓመት ወታደር ነበር። ጁላይ 16 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ከስሬብሬኒትሳ የተያዙ ሙስሊሞች በአውቶቡስ ወደ ብራንዬቮ እርሻ እየተወሰዱ ሲረሸኑ፣ እርሱም ከተኳሾቹ አንዱ ሆነ። እንደ ቃሉ ከሆነ በመጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ካዘነላቸው ከእነርሱ ጋር እንዲሰለፍ ተነገረው። በእጁ ወደ 70 የሚሆኑ ሰዎች እንደ ጠፉ ራሱ ገምቷል። በ1996 እ.ኤ.አ. ጥፋተኛነቱን አምኖ 10 ዓመት ስለ ተፈረደበት ይግባኝ አለ።

ከአምስቱ የይግባኝ ዳኞች ሦስቱ፣ ማለት ማክዶናልድ፣ ቮራህና ሊ፣ ንጹሓንን የገደለ ወታደር መገደዱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል እንጂ ከጥፋተኛነት ነጻ አያወጣውም አሉ። ካሴሴና ስቲቨን ግን በአሳብ ተለዩ። በተለይ ካሴሴ፣ ሕግ ከተራ ሰው ዐቅም በላይ የሆነ ጀግንነት ሊጠይቅ እንደማይገባው፣ ተከሳሹ እምቢ ብሎ ቢሞት እንኳ ሟቾቹ የማይድኑ ከሆነ ይህ ሊመዘን እንደሚገባው አስረዳ። ችሎቱም ተከሳሹ ጥፋተኛነቱን ያመነው ነገሩን በሚገባ ሳይረዳ ነው በማለት ጉዳዩን ወደ ሌላ ችሎት መለሰው። በማርች 1998 እ.ኤ.አ. መገደዱ በቅጣት ማቅለያነት ተቆጥሮለት 5 ዓመት ተፈረደበት።

የሦስቱ ዳኞች ሥጋት ከንቱ ነው አንልም። በጦርነት ጊዜ ነፍሰ ገዳይ ሁሉ «ተገድጄ ነው» ሊል ይችላል፤ የሰውም ነፍስ እንደ እህል በቁና አይሰፈርም። ይሁን እንጂ ሐሰተኛ መከላከያ ይቀርባል ብሎ መፍራት የማስረጃ ጥያቄ ነው እንጂ የሕግ መሠረት ሊሆን አይገባውም። መገደድን ለቅጣት ሲል መርምሮ እውነት ነው ለማለት የቻለ ፍርድ ቤት፣ ለጥፋተኛነት ሲል ሊመረምረው የማይችልበት ምክንያት አይታየንም። ደግሞም ጥፋተኛ ማለት ሌላ መንገድ እያለህ ይህን መረጥህ ማለት ነው። ሌላው መንገድ ሞት ብቻ ከነበረና ሕግ ሙት የሚለው ከሆነ፣ ቅጣቱን ስለ ምን ያቀልለታል? ሙት የማይለው ከሆነስ ስለ ምን ጥፋተኛ ይለዋል?

ከሁሉ የሚበልጠው ጉድለት ግን ሌላ ነው። በዚያው ቀን ኤርዴሞቪች በፒሊትሳ አዳራሽ የነበሩትን ሌሎች 500 ያህል ሰዎች እንዲገድል በታዘዘ ጊዜ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር እምቢ አለ፤ አልተገደለምም። እንግዲያስ በእርሻው ላይ እምቢታውን ለማጽናት ይችል ነበር ወይስ አይችልም ነበር? ለጥፋተኛነት ወሳኙ ጥያቄ ይህ ነበር። የሦስቱ ዳኞች ደንብ ግን መልሱ ምንም ቢሆን ጥፋተኛ ነው ስለሚል ጥያቄውን ዋጋ ያሳጣዋል።

የአገራችን ሕግ በሌላ መንገድ ሄዷል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 67፣ የ1996ቱም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 71፣ ሊቋቋመው በማይችለው የአካል ኃይል የተገደደውን ከቅጣት ነጻ ያደርጋሉ፤ ለድርጊቱ የሚጠየቀው አስገዳጁ ነው። በኅሊና ላይ ለደረሰ ግዳጅ ደግሞ ዳኛው ቅጣቱን ያለ ወሰን ለማቅለል ወይም ጨርሶ ለመተው ይችላል። ግዳጁን ለመቋቋም ይቻል የነበረ እንደ ሆነ ተከሳሹ በመደበኛው ይቀጣል፤ ሆኖም የግዳጁ ክብደት፣ ዕድሜና ጥገኝነት ታይተው ሊቀልለት ይችላል። ስለዚህ የእኛ ሕግ «መቋቋም ይችል ነበርን?» ብሎ ይጠይቃል።

የራሳችንንም ሕግ ያለ ነቀፋ አናልፈውም። «ይችላል» የምትለው ቃል ሁሉን ለዳኛው ፈቃድ ትተዋለች፤ አንድ ዓይነት መከራ የደረሰባቸው ሁለት ሰዎች በሁለት ችሎት ሁለት ዕድል ሊገጥማቸው ይችላል። ዛቻው የሞትና ቅርብ ሲሆን፣ ማምለጫም ሲጠፋ፣ ተከሳሹም ራሱን በፈቃዱ በዚያ ላይ ያልጣለ ሲሆን፣ ከቅጣት ነጻ መሆኑ የዳኛ ቸርነት ሳይሆን የተከሳሹ መብት ሊሆን ይገባዋል እንላለን። ይህም የሟቾቹን ደም ማቅለል አይደለም፤ ደማቸው በእውነት ከሚፈለግበት ሰው፣ ከአስገዳጁ፣ እንዲፈለግ ማድረግ ነው። የተለየ አሳብ ያላቸው መምህራንና ጓደኞቻችን ቢያርሙን በደስታ እንቀበላለን።