ስድስት ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ

ካርዱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ስፋቱ ከተማሪ ደብተር ብዙም አይበልጥም። በአንዱ ጠርዝ ስምንት የስልክ ሶኬቶች ተደርድረዋል፤ በሌላው ጠርዝ ከመሥሪያ ቤቱ የስልክ ማዞሪያ ሣጥን ጋር የሚያገናኘው ባለ ብዙ ጥርስ መሰኪያ አለ። መሥሪያ ቤት ውስጥ 9 ተጭነን የውጭ መስመር ስንጠይቅ የሚታዘዘን ይህ ነው። ቴክኒሻኖች ትራንክ ካርድ ይሉታል።

ወደ መስኮት ከፍ አድርጌ ስመለከተው ከላይ እስከ ታች አንድ ቀጭን መስመር ብርሃን ያሳልፋል። እዚያ ላይ በፊትም በጀርባም የመዳብ ጭረት የለም። በማስመሪያ ለካሁት፤ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ከሶኬቶቹ ወገን ያለው የቴሌ ግዛት ነው፤ ከወዲያ ያለው የመሥሪያ ቤቱ። የቴሌ ሽቦ በምሰሶ ላይ ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው የሚመጣው፤ መብረቅ ያገኘዋል፣ የኃይል መስመርም ሊነካው ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ግዛቶች በመዳብ አይገናኙም። ድምፅ ግን መሻገር አለበት። የካርዱ ሙያ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ስምንቱ ረድፎች አንድ ዓይነት ስለሆኑ አንዱን ማየት ይበቃል። ከሶኬቱ ቀጥሎ ከሽምብራ ጥቂት የሚበልጥ የሴራሚክ በርሜል አለ። በውስጡ ጋዝ ታሽጓል፤ ላዩ ላይ 230 ተጽፏል። ቮልቴጁ እዚያ እስኪደርስ ድረስ በርሜሉ የሌለ ያህል ነው። ሲደርስ ጋዙ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይጀምርና ትርፉን ወደ መሬት ይሰደዋል። ቁጥሩ በዘፈቀደ አልተመረጠም። ዝም ያለ መስመር 48 ቮልት ተሸክሞ ይቆያል። ጥሪ ሲመጣ ውጤታማ መጠኑ (RMS) እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይጨመርበታል፤ የዚህ ሞገድ ጫፍ 127 ነው። ሲደመር 175። ደወሉ በርሜሉን እንዳይቀሰቅስ፣ መብረቁ ግን እንዳያልፈው፣ 230 ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ አራት ዳዮዶች አሉ። ሠራተኛው ሁለቱን ሽቦዎች አገላብጦ ቢያስገባም ከዳዮዶቹ ወዲህ ያለው ኤሌክትሪክ ምንጊዜም አቅጣጫው አንድ ነው።

ደወሉ የሚሻገረው በብርሃን ነው። ከዳዮዶቹ በፊት የተቀመጠ ካፓሲተር 48ቱን ቋሚ ቮልት ከልክሎ ተለዋዋጩን ብቻ ያሳልፋል። ያለፈው ባዶውን መስመር ተሻግራ በተቀመጠች ጥቁር፣ ባለ አራት እግር ሣጥን ውስጥ ጥቃቅን መብራት ያበራል። ሁለቱ እግሮቿ ወዲህ፣ ሁለቱ ወዲያ ናቸው። ከመብራቱ ፊት ለፊት ብርሃን የሚያይ ትራንዚስተር አለ። ደወሉ በሰከንድ 25 ጊዜ ሲመላለስ መብራቱም 25 ጊዜ ብልጭ ይላል፤ ወዲያ ማዶ ያለው ፕሮሰሰር ይቆጥራል። ቁጥሩ የደወል ካልሆነ እንደ ጫጫታ ይተወዋል። ይህ ሁሉ ለዓይን የተዘጋ ነው።

መስመሩን የሚይዘው ሪሌይ ነው። ጥቅል ሽቦው በመሥሪያ ቤቱ ወገን፣ የሚገጥሙት ብረቶች በቴሌ ወገን ናቸው። «ቀጭ» ሲል መስመሩ ይዘጋል፤ ከ20 እስከ 40 ሚሊ አምፔር ይፈስሳል፤ 48 የነበረው ቮልት ከ10 በታች ይወርዳል። ቴሌ መስመሩ መያዙን የሚያውቀው በዚህ ፍሰት ነው።

ይኸው ፍሰት ድምፁን ባዶውን መስመር ለሚያሻግረው ትራንስፎርመር ጠላት ነው። ቋሚ ኤሌክትሪክ የብረት ልቡን ያጠግበዋል፤ የጠገበ ብረት ድምፅ ያዛባል። የጥንቶቹ ትልቅ ብረት አስገብተው ተገላገሉ። እዚህ ግን ከጎኑ የቆመ አንድ ትራንዚስተር ቋሚውን በራሱ በኩል ያሳልፋል፣ የድምፁን ሞገድ ይመልሳል። ድምፁም ሌላ መሄጃ ሲያጣ በካፓሲተር በኩል ወደ ትራንስፎርመሩ ይገባል። ትራንስፎርመሩ በዚህ ምክንያት የስኳር አንኳር ያህል ሆኖ ቀረ። ከጠቅላላው ካርድ ይህችን አቀማመጥ አስበልጣለሁ። አዳዲሶቹ ካርዶች ትራንስፎርመሩን ትተው በጥቃቅን ካፓሲተሮች ይሻገራሉ፤ ቦታ ይቆጥባል፣ አልክድም።

በሁለት ሽቦ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ያወራል። ስለዚህ ከትራንስፎርመሩ ማዶ ጥቂት ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች የቴሌን መስመር አስመስለው ቆመዋል። የሚወጣው ድምፅ በእውነተኛውም በአስመሳዩም ላይ እኩል ያርፋል፤ አንዱ ከሌላው ሲቀነስ የራሳችን ድምፅ ጠፍቶ የሌላው ሰው ይቀራል። አስመሳዩ በደንብ ካልመሰለ የገዛ ድምፃችን ጆሯችን ውስጥ ያስተጋባል።

የቀረው የቺፕ ሥራ ስለሆነ ቶሎ ልለፈው። ድምፁ በሰከንድ 8000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት 8 ቢት ነው። ወደ ማዞሪያው በሚወስደው ባለ 32 ተራ መንገድ ላይ ተራው በየ125 ማይክሮ ሰከንዱ ይደርሰዋል፤ ሲደርሰው 3.9 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ያገኛል።

የመጀመሪያው ረድፍ ብቻ አንድ ሪሌይ ይበልጣል። ማዞሪያው እስከሠራ ድረስ ይህ ሪሌይ ተስቦ ይውላል። መብራት ሲጠፋና ባትሪውም ሲያልቅ ይለቀቃል፤ ሲለቀቅ በሚመልሰው ስፕሪንግ ጉልበት ብቻ የቴሌን መስመር ከአንድ ተራ ስልክ ጋር ያገናኛል። ያ ስልክ የሚሠራው ቴሌ በሚልከው 48 ቮልት ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ጥበቃ ክፍል ነው።