ባለቤት ስለ ቮልሱ ሲመሰክር

አሮጌ ቮልስ ለመግዛት ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ባለቤቱን ነው፤ እኔም በአዲስ አበባ የዚህችን መኪና ሞተር እየፈታሁና እየገጠምሁ የምኖር፣ ለራሴም አንዲቱን የምነዳ እንደ መሆኔ መጠን፣ የባለቤት ምስክርነት በምን ነገር ሊታመን፣ በምንስ ሊመረመር እንደሚገባ ዘወትር አስባለሁ።

የባለቤት ዕውቀት በእጅ የተገኘ ስለ ሆነ ጽኑ ነው። የቫልቭ ክፍተት የሚያስተካክል ሰው ሞተሩ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ይታገሣል፤ ከዚያም ከሥር ተጋድሞ፣ የቫልቩን ክዳን አውልቆ፣ ስስዋን የብረት መለኪያ በቀስታ ሲያሳልፋት፣ ያዝ፣ ለቀቅ እያደረገች ስታልፍ ለጣቱ የሚሰማው ነገር 0.15 ሚሊሜትር ምን ያህል እንደ ሆነ ከማናቸውም መጽሐፍ አብልጦ ያስተምረዋል። ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚግል፣ የጭስ ማውጫ ቫልቩም ቶሎ እንደሚቃጠል የሚያውቅ እርሱ ነው፤ በነፋስ ብቻ በሚቀዘቅዘው በዚህ ሞተር የዘይት ማቀዝቀዣው በነፋሱ መንገድ ላይ ቆሞ ወደዚያ ሲሊንደር የሚወርደውን አየር ያግደዋልና፣ ያሞቀዋልምና። ፋብሪካውም ይህን ተረድቶ እ.ኤ.አ. በ1971 ሞዴል ማቀዝቀዣውን ከዚያ ስፍራ አራቀው።

ዳሩ ግን ይኸው ድካም ፍቅርንም ይወልዳል። ቅዳሜውንና ገንዘቡን ለአንዲት መኪና የሰጠ ሰው፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ2003 የመጨረሻዪቱ ቮልስ በሜክሲኮ ከተሠራች ወዲህ መለዋወጫ ፍለጋ የተንከራተተ ሰው፣ ድካሙ ከንቱ እንዳልነበረ ለሕሊናው ማስረዳት ስለሚወድ፣ ጉድለትዋን ሁሉ በምግባር ስም ይጠራዋል። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለ ሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ከኃይሉ ወደ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል፤ በእንጦጦ ዳገት ቮልስ በሁለተኛ ማርሽ ስታቃስት ባለቤትዋ «ትዕግሥተኛ ናት» ይላል፤ ያንኑ በሌላ ሰው መኪና ቢያይ ግን «ጉልበት የላትም» ባለ ነበር። ይህ እምብዛም አይጎዳም። የቀድሞዎቹ ቮልሶች በፍጥነት ሲታጠፉ የኋላ ጎማቸው ወደ ሆድ ተሰብስቦ መኪናዪቱን ሊገለብጣት መቻሉን ግን በጠባይ ስም መሸፈን ኃጢአት ነው፤ የሰው ነፍስ አለበትና።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ምን እንደሚሰበር፣ መቼና ለምን እንደሚሰበር ባለቤቱ ይጠየቅ፤ ከሌላ መኪና ትሻላለች ወይስ አትሻልም ለሚለው ግን ያው ባለቤት፣ እኔም ጭምር፣ ዳኛ አንሁን። ገዢ ወደ እኔ ሲመጣ፣ አንዲት ቃል ሳልናገር መሪውን አስይዤ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ራሱ እንዲነዳው አደርጋለሁ፤ ፍሬኑን ረግጦ፣ ማርሹን ለውጦ፣ የመሰለውን ከነገረኝ በኋላ ብቻ የእኔን እነግረዋለሁ።