ሰዓቱ ሰማይ ሲያጣ

የቺካጎ ማራቶን ከግራንት ፓርክ ተነስቶ በኮሎምበስ ድራይቭ ወደ ሰሜን ያመራል። ገና የመጀመሪያው ማይል ሳያልቅ መንገዱ ከሌሎች መንገዶች ሥር ይገባና ዋሻ ይሆናል። ከዋሻው ሲወጡ ወንዙን ተሻግሮ የሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎቹ ሰፈር ይጠብቃል። እዚህ ላይ የእጅ ሰዓቱን ያየ ሯጭ ግራ ይጋባል፤ በኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ እየሮጠ ሳለ ሰዓቱ ባንድ አፍታ ከዓለም ሪከርድ ባለቤት በላይ ያስሮጠዋል፣ ወዲያው ደግሞ በእግር የሚንሸራሸር ያስመስለዋል። ለነገሩ ኬልቪን ኪፕተም በ2023 እ.ኤ.አ. በዚሁ ጎዳና ላይ የዓለም ሪከርዱን ሰብሮ በ2፡00፡35 ሲገባ አማካይ ፔሱ በኪሎ ሜትር 2፡51 ነበር።

የስፖርት ሰዓት የገዛ ሰው ሴቲንጉ ውስጥ ገብቶ የሚያገኘው ምርጫ፣ ስሙ ከአምራች አምራች ይለያይ እንጂ፣ በአመዛኙ አንድ ነው። ጂፒኤስ ብቻ፤ ወይም የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱ ተጨምረውበት ሁሉም ሲስተም፤ ወይም ሁሉም ከነድርብ ፍሪኩዌንሲው። ለባትሪ ቁጠባ ሲባል ሳተላይቱን እያጠፋ እያበራ የሚሠራ አራተኛ ምርጫም በአንዳንዶቹ ላይ አለ። እሱ ለቀናት ተራራ ለሚያቋርጥ ተጓዥ ይሁን፤ ፔስ ለሚከታተል ሯጭ አይሆንም።

ብዙ ሳተላይት ማየት አይጎዳም። ከተማ ውስጥ ግን ዋናው ጠላት የሳተላይት ማነስ ብቻ ሳይሆን የገደል ማሚቶ ነው። ሲግናሉ ከመስታወት ግድግዳ ነጥሮ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ሰዓቱም የዘገየውን እንደ ቀጥተኛው ቆጥሮ ሯጩን ወደ ማዶው መንገድ ያሻግረዋል። ድርብ ፍሪኩዌንሲ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። በነባሩ የኤል1 ሲግናል ላይ የተጫነው ኮድ አንዷ ምት 300 ሜትር ገደማ ትረዝማለች፤ በአዲሱ ኤል5 ላይ ግን 30 ሜትር ገደማ ብቻ ናት። ስለዚህ 40 ሜትር ተጨማሪ ዞሮ የመጣ ነጸብራቅ በኤል1 ከእውነተኛው ጋር ይደበላለቃል፣ በኤል5 ግን ተለይቶ ይታወቃል። ኮሮስ በ2021፣ አፕልና ጋርሚን በ2022 እ.ኤ.አ. ይህን በሩጫ ሰዓት ውስጥ ካስገቡ ወዲህ በካርታው ላይ የሚሰመረው መስመር በሕንፃ መሃል ማለፉን ቀንሷል። ዋሻ ውስጥ ግን የሚነጥርም ቀጥተኛም ሲግናል የለም፤ የትኛውም ሴቲንግ አያድንም።

ሻጮች ሲያስተዋውቁ መስመሩ ካማረ ፔሱም አብሮ ያማረ ያስመስሉታል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። በኪሎ ሜትር 4 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው በሴኮንድ 4.17 ሜትር ይሄዳል። በዚያች ሴኮንድ ውስጥ ሰዓቱ 1 ሜትር ብቻ አብዝቶ ቢለካ ፔሱ 3፡13 ይሆናል፤ 1 ሜትር ቢያጎድል 5፡15። አንድ ሜትር ስህተት ደግሞ ለእጅ ሰዓት ምንም ማለት አይደለም። አምራቾቹ ይህን ስለሚያውቁ የሲግናሉን የዶፕለር ለውጥ ይጠቀማሉ፣ የጥቂት ሴኮንዶችን አማካይም ይወስዳሉ። ቁጥሩ ሲረጋጋ ግን ይዘገያል፤ ሯጩ ፍጥነት ጨምሮ የተወሰነ መንገድ ከሄደ በኋላ ነው ሰዓቱ የሚነቃው።

አሁን ያንኑ ስህተት አሥር እጥፍ አድርጎ በሙሉ ኪሎ ሜትር ላይ ማየት ነው። 10 ሜትር በ1,000 ሜትር ውስጥ 2.4 ሴኮንድ ብቻ ያዛባል። ልምድ ያላቸው ሯጮች የቅጽበቱን ፔስ ከስክሪኑ አንስተው የላፑን፣ ማለትም የያዙትን ኪሎ ሜትር አማካይ ፔስ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው፤ ከሳተላይት ምርጫው ይልቅ ይህ ይበልጥ ይጠቅማል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምዝገባውንም በየሴኮንዱ ማድረግ ነው። ከመነሻው በፊት ደግሞ ሰዓቱን ከስልክ ጋር አገናኝቶ የሳተላይቶቹን የምሕዋር መረጃ ማስጫን፣ ከዚያም ገላጣ ቦታ ላይ ትንሽ መታገስ።

ውድድር ላይ ሌላም ጣጣ አለ። የማራቶን መንገድ የሚለካው ልኩ በተረጋገጠ ብስክሌት፣ አጭሩን መስመር ይዞ ነው፤ እንዳያጥርም በየኪሎ ሜትሩ 1 ሜትር ይጨመርበታል። ሯጭ ግን ሰው እየቀደመ፣ ውሃ ወዳለበት እየታጠፈ ይሮጣል። ሰዓቱ መጨረሻ ላይ 42.6 ካለ፣ እስከ መጨረሻው 4፡00 እያሳየው የሮጠ ሰው 2፡48፡47 ጠብቆ 2፡50፡24 ይገባል። ስለዚህ በቺካጎ የሰዓቱን አውቶማቲክ ላፕ አጥፍቶ በየማይሉ ምልክት ላይ በጣት መጫን ነው የሚያዋጣው። ዋሻውንም የሚያሻግረው ይኸው ነው።

እንጦጦ ላይ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሯጮች መሪውን ተከትለው በባሕር ዛፎቹ መሃል ሲጠማዘዙ ሰዓቱ ጠርዙን እየቆረጠ ያልፍና ርቀቱን ያሳጥራል፤ ፔሱም ከእውነቱ ቀርፋፋ ይሆናል። ሁሉንም ሲስተም ማብራት ጥቂት ያሻሽላል። ደግነቱ የጫካ ልምምድ ድሮም የሚሰጠው በደቂቃ እንጂ በኪሎ ሜትር አይደለም። ሰንዳፋ አስፋልት ላይ ግን ሰማዩ ክፍት፣ መንገዱም ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ ጂፒኤስ ብቻ ያለው አሮጌ ሰዓት እንኳ አሠልጣኙ ከመኪናው መስኮት ከሚጠራው የኪሎ ሜትር ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ ባትሪውም ለረጅሙ ሩጫ ይተርፋል።