ከማይክሮን ሲሶ ያነሰ ልዩነት

መስቀል ሲያልፍ የጎጃም ደጋ ሰማይ ይጠራል። ክረምቱ አቧራውን አጥቦታል። በሮብ ገበያ፣ ባሕር ዛፍ በከበበው ግቢ፣ ሣሩ ላይ የቆመው ቴሌስኮፕ 150 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ይዟል። የብርሃን መሰብሰቢያው 1,200 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ቱቦውም ሳጥኑም የተሠሩት ከሥር ለተቀመጠው ለዚያ መስታወት ሲባል ነው። እንጦጦ ላይ ያሉት የ1 ሜትር ቴሌስኮፖችም ብርሃን የሚሰበስቡት በመስታወት ነው።

የግቢው መስታወት ገጽ ሲያዩት ጠፍጣፋ ይመስላል። መሐሉ ከጠርዙ ዝቅ የሚለው በ1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሲሠራ ሁለት ክብ መስታወቶች ይደራረባሉ፤ በመካከላቸው እርጥብ የካርቦራንደም ዱቄት ይገባና ይፋተጋሉ። የላይኛው ይጎደጉዳል፤ የታችኛው ያብጣል። ዱቄቱ ደረጃ በደረጃ እየላመ ይሄዳል። ከዚያ መስታወቱ ዝፍት ላይ በሴሪየም ኦክሳይድ ይወለወላል። እስከዚህ ድረስ ያለው ቅርጽ የኳስ ክፋይ ነው። የኮከብን ብርሃን በትክክል አንድ ነጥብ ላይ የሚያገናኘው ግን ፓራቦላ ነው። በዚህ መስታወት ላይ የሁለቱ ልዩነት ጠርዙ ጋ እንኳ 0.3 ማይክሮን አይሞላም፤ የአረንጓዴ ብርሃን የሞገድ ርዝመት ግማሽ ያህል ነው። ጣት አይደርስበትም። ሊዮን ፉኮ እ.ኤ.አ. በ1858 ያስተዋወቀው ፍተሻ ግን ያሳየዋል። የምላጭ ስለት ከመስታወቱ የተመለሰው ብርሃን በሚገናኝበት ነጥብ ላይ ሲያልፍ፣ ገጹ ላይ የሚታየው ጥላ ጉድለቱ የት እንዳለ ይለያል። ሠሪው ያንን ቦታ ጥቂት ወልውሎ እንደገና ይፈትሻል። በመጨረሻ ከሚሊ ሜትር ዐሥር ሺህኛ የሚሆን የአሉሚኒየም ሽፋን ይለብሳል።

ቱቦውን የተሸከመው ሳጥን ኮምፔንሳቶ ነው፤ ጆን ዶብሰን በሳን ፍራንሲስኮ ያስለመደው ዓይነት። ክብደቱ የሚያርፈው በትንንሽ የቴፍሎን ቁራጮች ላይ ነው። በጣት ሲገፉት ይሄዳል፤ ሲለቁት ባለበት ይቆማል። ሞተርም ጥርስም የለውም።

ቴሌስኮፑ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይወጣል፤ መስታወቱ ከአየሩ ጋር እኩል ካልቀዘቀዘ ምስሉ ይርገበገባል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ቀውስ የተባለው የኮከቦች ስብስብ በደቡብ ከፍ ብሏል። በ25 ሚሊ ሜትሩ የዓይን ሌንስ ማጉያው 48 እጥፍ ነው። ከዓቅራብ ጅራት አጠገብ ያለው የኮከብ ዘለላ፣ ሜሲዬ 7፣ በዚህ ሌንስ ሙሉውን አይገባም። ሻርል ሜሲዬ ከፓሪስ ሲመዘግበው ከአድማስ ብዙም ከፍ አይልም ነበር፤ እዚህ 45 ዲግሪ ድረስ ይወጣል። እንደኔ ግን በባይኖኩላር ያምራል።

የመስታወቱ ዳኛ ግን በቀውስ ያለው የኮከብ ዘለላ፣ ሜሲዬ 22፣ ነው። ብርሃኑ ከተነሣ 10,000 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ብቻዋን የቆመች ደማቅ ኮከብ ብዙ ጉድለት ትሸፍናለች። እዚህ ግን ደብዛዛ ነጥቦች ተጠጋግተዋል፤ የመስታወቱ ቅርጽ ከተዛባ እያንዳንዷ ነጥብ ትሰፋና ከጎረቤቷ ጋር ተዋህዳ ጉም ትሆናለች። በዚህ መስታወት መጀመሪያ የዘለላው ዳር ይፈታል። ሌንሱ በ10 ሚሊ ሜትሩ ተቀይሮ ማጉያው 120 እጥፍ ሲደርስ ከጀርባ ያለው ሰማይ ይጠቁራል፤ ወደ መሐሉም ኮከብ ከኮከብ መለየት ይጀምራል።