ሚዛን ላይ ያልወጣው ወርቅ

የኢትዮጵያን የወርቅ አቅርቦት በሞዴል ላስቀምጥ ስነሳ ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። በሌሎች የብረት ገበያዎች የሞዴል ሠሪ ራስ ምታት የአቅርቦትና የፍላጎት መተብተብ ነው። የመዳብ ዋጋ ሲወጣ፣ ቻይና ብዙ ስለገዛች ይሁን ቺሊ ጥቂት ስላወጣች፣ ዋጋው ብቻውን አይናገርም። ስለዚህ አንዱን ወገን ብቻ የሚነካ አጋጣሚ እናድናለን፤ የቺሊው ኤስኮንዲዳ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2017 ከ40 ቀን በላይ ሥራ ሲያቆሙ እንደተገኘው ያለ። የእኛ ወርቅ ግን፣ በተለይ በባህላዊ መንገድ የሚወጣው፣ በሕግ አንድ ገዢ ነበረው። ብሔራዊ ባንክ የለንደንን ዋጋ ይዞ፣ ማበረታቻ ጨምሮበት የመጣለትን ሁሉ ይገዛ ነበር። የቀረኝ አቅራቢው በዚህ ዋጋ ስንት ያመጣል ብሎ መጠየቅ ብቻ ነበር።

ጠየቅሁ፤ መልሱ ግን አሳፈረኝ። በ2004 በጀት ዓመት ወርቅ ወደ 600 ሚሊዮን ዶላር አስገብቶ ነበር፤ በ2011 ከ30 ሚሊዮን በታች ወረደ። በመሃሉ የለንደን ዋጋ የቀነሰው ሩብ ገደማ ነው። ትልቁ የወርቅ ማዕድን ለገደንቢ በግንቦት 2010 መታገዱን ባስብም ጉድለቱ አይሞላም። ዋጋንና አቅርቦትን የሚያዛምደው ስሌት፣ ሪግሬሽን፣ ደፋር ነው፤ ዋጋ አንድ በመቶ ሲወርድ አቅርቦት ወደ አሥር በመቶ ይወርዳል አለኝ። እንዲህ ያለ ቁጥር ያየ ሰው ኮምፒውተሩን ዘግቶ ወርቅ ወደሚወጣበት ሻኪሶ መውረድ አለበት። በገበቴ አሸዋ የሚያጥብ ሰው ዋጋ ትንሽ ዝቅ ስላለ ገበቴውን አይጥልም፤ የዕለት ጉርሱ ነው።

ስህተቴ ያለው «አቅርቦት» ባልኩት ቃል ውስጥ ነበር። እኔ የያዝኩት ባንኩ ሚዛን ላይ የወጣውን ወርቅ እንጂ ከመሬት የወጣውን አልነበረም። ቆፋሪው ያወጣል፤ ወዴት ይሂድ የሚለውን የሚወስነው ግን ከእሱ የሚገዛው ሰብሳቢ ነው፣ ያውም በአንድ ሌሊት። ከሐምሌ 2016 በፊት በነበረው ምንዛሪ፣ ግራሙ 75 ዶላር ነበር እንበል። ባንኩ ዶላሩን በ57 ብር ሲመነዝርለት 4,275 ብር ይሆን ነበር፤ ጥቁር ገበያው በ110 ሲመነዝር 8,250። ይህን ልዩነት ተራ ማበረታቻ አይሸፍነውም፤ ወርቁ ድንበር ይሻገር ነበር።

ስለዚህ እኩልታውን ለሁለት ከፈልኩት። የመጀመሪያው ቁፋሮውን የሚመለከት፣ ዝግተኛ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል፣ አዲስ ጉድጓድም ጊዜ ይወስዳል። ሁለተኛው መንገዱን የሚመለከት ሲሆን የሚነዳው በይፋዊውና በጥቁሩ ምንዛሪ መካከል ያለው ክፍተት ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅና ክፍተቱ ሲጠብ፣ በቀጣዩ በጀት ዓመት ለባንኩ የገባው ወርቅ በብዙ እጥፍ ጨመረ። የለንደን ዋጋም በዚያው ወራት እየጋለበ ስለነበር ምስጋናውን ሁሉ ለሁለተኛው እኩልታ መስጠት አልችልም። ቢሆንም መሬት በአንድ ዓመት ያን ያህል እጥፍ አትሰጥም።

የቀረው ችግር ክፍተቱን በየሳምንቱ የሚያትምልኝ መሥሪያ ቤት አለመኖሩ ነው። የወርቅ ቤት የግራም ዋጋ ለለንደኑ ሲካፈል ግን የጥቁሩን ምንዛሪ ይጠቁመኛል፤ እናም ሰኞ ጠዋት ለአንድ የማውቃቸው የወርቅ ቤት ባለቤት እደውላለሁ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ግራሙ ስንት ገባ?»

«ልትሸጥ ነው ልትገዛ?» ይሉኛል ሁልጊዜ።

ሁለቱንም እንዲነግሩኝ እለምናቸዋለሁ። በሁለቱ መካከል ያለውም ልዩነት አሁን የራሱ ዓምድ አለው።