የተማረ ግዴለሽነት፦ ስለ ዲከንስ «ሃርድ ታይምስ»

ቻርልስ ዲከንስ «ሃርድ ታይምስ» የተባለውን ልብ ወለዱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1854 ነው። ራሱ በሚያዘጋጀው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ በተከታታይ ታተመ። ርእሱን ወደ አማርኛ እንመልሰው ብንል «ክፉ ቀን» ከማለት የተሻለ አናገኝም። ግን በኛ አገር «ክፉ ቀን» ሲባል ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰው እልቂት ነው ትዝ የሚለን፤ ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ ሰማዩ ዝናብ ነፍጎ፣ ባለቤትም ጎረቤትም አብሮ የተጎዳበት ዘመን። የዲከንስ ክፉ ቀን እንዲህ አይደለም። ኮክታውን በተባለችው ከተማው ፋብሪካው ሌት ተቀን ያጨሳል፣ ጨርቁ ይሸጣል፣ ትርፉ ይገባል። ቀኑ የከፋው ለሠራተኛው ብቻ ነው። ታዲያ ይኸን መከራ በመስኮታቸው የሚያዩት ባለጸጎች እንዴት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል? የመጽሐፉ ጥያቄ ይኸ ነው።

ብዙ አንባቢ መልሱን በቀላሉ ይገላገለዋል፤ «ሀብታም ጨካኝ ነውና» ይላል። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚል ተረት ስላለን መልሱ ይጥመናል። እኔ ግን መጽሐፉ ከዚህ የጠለቀ ነገር ያሳያል ባይ ነኝ። የኮክታውን ባለጸጎች የድሀውን ኑሮ አላወቁም አይባልም። ቆጥረውታል፣ ጽፈውታል፣ በሠንጠረዥ አስቀምጠውታል። ግዴለሽነታቸው ከዕውቀት ማነስ የመጣ ሳይሆን አስተማሪ ተቀጥሮላቸው የተማሩት ነገር ነው። ልብ ወለዱ የሚጀምረው በፋብሪካ ሳይሆን በክፍል ውስጥ መሆኑም ያለ ነገር አይደለም።

የትምህርት ቤቱ ባለቤት ግራድግራይንድ ይባላል። ሐቅ ብቻ ተማሩ የሚል ሰው ነው፤ ሁለት ትንንሽ ልጆቹን አዳም ስሚዝና ማልተስ ብሎ የሰየመ! ሲሲ ጁፕን አስነሥቶ ፈረስ ምን እንደሆነ ይጠይቃታል። ሲሲ ያደገችው በፈረስ ትርዒት አሳዪዎች መሀል ነው፤ አባቷ ውሎው ከፈረስ ጋር ነው፤ ሆኖም መልስ ያጥራታል። ቢትዘር የተባለው ጎበዝ ተማሪ ግን ተነሥቶ የፈረሱን ጥርስ ብዛት ጭምር ያለ ስሕተት ይዘረግፈዋል። እንግዲህ ፈረስን የምታውቀው ልጅ «አላዋቂ» ተባለች፣ ትርጉሙን የሸመደደው «አዋቂ» ተባለ። በዚህ ዓይነት ስለ ፈረስ የተማረ ልጅ ነገ ስለ ድሀ የሚያውቀውም በዚሁ ዓይነት ይሆናል።

ከሁሉ የሚልቀው ግን ሲሲ በፈተና የወደቀችባቸውን መልሶች ለጓደኛዋ ለሉዊዛ እያፈረች የምትነግርበት ቦታ ነው። መምህሩ አንድ አገር ሃምሳ ሚሊዮን ገንዘብ ቢኖራት ባለጸጋ አይደለችም ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሲሲ ገንዘቡ በማን እጅ እንዳለ፣ ለእኔስ ከሱ ይደርሰኝ እንደሆን ካላወቅሁ እንዴት ልመልስ ትላለች። አንድ ሚሊዮን ሰው ካለበት ከተማ በዓመት ሃያ አምስት ሰው ብቻ በመንገድ ላይ በረሀብ ቢሞትስ? ሌላው ሚሊዮን ቢሆን፣ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮንም ቢሆን፣ ለተራቡት ረሀቡ ያው ነው ትላለች። ከመቶ ሺህ መንገደኛ አምስት መቶ ብቻ በባሕር ቢጠፋ በመቶኛ ስንት ነው? ለሟቾቹ ዘመዶችና ወዳጆች ምንም አይደለም ብላ ትመልሳለች። ሦስቱም ላይ ዜሮ አገኘች። «ስታቲስቲክስ» የሚለው ቃል እንኳ አልያዝላት ብሎ ከመንተባተብ ጋር ታምታታዋለች። ዲከንስ ያስቀናል፤ ነገር ግን ሳቁ ሲያልፍ የተሳሳተው ማን እንደሆነ እናውቃለን።

ይኸ የደራሲ ፈጠራ ብቻ እንዳይመስለን። መጽሐፉ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት በፊት ነበር የአየርላንድ ረሀብ (1845–1852) ያበቃው። አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አለቀ፣ ሌላ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። ድንቹ በበሽታ ጠፋ እንጂ እህልና ከብት በዚያው ዘመን ከአየርላንድ ወደቦች ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር። የእርዳታውን ሥራ ይመራ የነበረው የግምጃ ቤቱ ሹም ቻርልስ ትሬቨልያን፣ መንግሥት በንግድ ጣልቃ ሊገባ አይገባም ከሚሉት አንዱ ነው። በ1848 ረሀቡ ገና ሳያበቃ «ሰር» የሚል ማዕረግ ተሰጠው። ትሬቨልያን ያልተማረ ሰው አልነበረም። እጅግ የተማረ ነበር።

እስቲ ደግሞ ወደ አገራችን እንምጣ። የሕንዱ የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ስለ ድህነትና ረሀብ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የ1965 ዓ.ም.ን የወሎ ረሀብ መርምሯል። በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ የነበረው የእህል መጠን ያን ያህል አላሽቆለቆለም፤ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ብዙም አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ ሌላ ቦታ ይወጣ ነበር። ገበሬው ሰብሉም ከብቱም ጠፍቶበት መግዣ አልነበረውም። ገበያ የሚሰማው በገንዘብ የሚጮኸውን ነው፤ ባዶ እጁን የሚጮኸውን አይሰማም። እርግጥ ያን ጊዜ አገሪቱን የያዘው የባላባት ሥርዓት እንጂ የኮክታውን ከበርቴ አልነበረም። ቢሆንም የአገሩን አማካይ ብቻ ያየ ሰው ወሎን አያይም ነበር። ሲሲ ዜሮ ያገኘችበትን መልስ ሴን ከመቶ ሃያ ሰባት ዓመት በኋላ በሰንጠረዥ አስደግፎ ጻፈው ማለት ነው።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። ባውንደርቢ የተባለው ባለ ፋብሪካና ባለ ባንክ፣ ሠራተኛ ባጉረመረመ ቁጥር «ይኸ ሰው በወርቅ ማንኪያ መብላት አምሮታል» ባይ ነው። የከተማዪቱ ባለ ፋብሪካዎችም ልጆችን ትምህርት ቤት ስደዱ፣ ማሽኑን እጅ እንዳይቆርጥ አጥሩት ሲባሉ ከሰርን ብለው ያለቅሳሉ፤ ሀብታችንን ባሕር ውስጥ እንጥለዋለን እያሉ ያስፈራራሉ። አንዳቸውም ግን አልጣሉም! ባውንደርቢ ከምንም ተነሥቼ ራሴን ያሳደግሁ ነኝ እያለ ይመጻደቃል፤ በኋላ ግን ይኸ ሁሉ ውሸት እንደሆነ፣ ደግ እናት ተቸግራ እንዳስተማረችው ይጋለጣል። ያ ውሸት ለጌጥ የተፈጠረ አይደለም። «እኔ ከቻልኩ አንተ ያልቻልከው ሰንፈህ ነው» ለማለት ያገለግለዋል።

ይሁንና ለኛ ለተማሪዎች ከባውንደርቢ ይልቅ የሚያስፈራው ቢትዘር ነው። ያ የፈረሱን ጥርስ የቆጠረው ልጅ አድጎ ባንክ ተቀጥሯል። እናቱን ድሆች ማቆያ አስገብቷታል፤ በዓመት ግማሽ ፓውንድ ሻይ ይሰጣታል፤ እሱንም እንደ ድክመት ይቆጠርበታል፣ ስጦታ ድሀን ያሰንፋላ! በመጨረሻ የግራድግራይንድ ልጅ ቶም ባንክ ዘርፎ ሲያመልጥ ቢትዘር ይይዘዋል። ሽማግሌው አባት ይለምነዋል፤ ልብ የለህም ወይ ይለዋል። ቢትዘር ልብ ደም የሚረጭ አካል መሆኑን ያስረዳዋል። በትምህርት ቤትህ ያደረግሁልህን አስብ ሲለውም፣ ዋጋው ተከፍሎ ያለቀ ውል ነው ብሎ ይመልሳል። አስተማሪው ያስተማረው ትምህርት ተመልሶ ጉሮሮውን ያዘው። በመጽሐፉ ውስጥ ከዚህ የከበደ ፍርድ የለም።

ዲከንስን ግን በእልልታ ብቻ አንሸኘውም። በጥር 1854 ፕሬስተን ድረስ ሄዶ፣ አሥር በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ጠይቀው በር የተዘጋባቸውን የጥጥ ሠራተኞች አይቷል፤ ሥርዓታቸውንም በመጽሔቱ መስክሯል። ልብ ወለዱ ላይ ሲደርስ ግን የማኅበሩን ተናጋሪ ስላክብሪጅን ባዶ ጯሂ አድርጎ ሣለው። ደጉን ሠራተኛ ስቲቨን ብላክፑልን ከጓደኞቹ ነጥሎ፣ ከአሠሪውም አጣልቶ፣ በተተወ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ ለሞት ዳረገው። ስቲቨን ነገሩ ሁሉ ተወሳስቦብኛል ከማለት በቀር መውጫ አላገኘም፤ ደራሲውም አላገኘለትም። የሰርከስ ሰዎች ደግነት መልካም ነው፤ ደመወዝ ግን አይጨምርም። ማኮሌይ መጽሐፉን ሶሻሊዝም አለበት ብሎ ነቅፎታል፤ ጆርጅ ኦርዌል ደግሞ የዲከንስ ትችት ከሞላ ጎደል ግብረ ገባዊ ብቻ ነው ብሏል። ኦርዌል ወደ እውነቱ ይቀርባል። ካርል ማርክስ ግን በዚያው በ1854 በጋዜጣ ሲጽፍ፣ ዲከንስንና ጓደኞቹን ከፖለቲከኞች ሁሉ ይልቅ ብዙ እውነት ለዓለም ያወጡ ብሎ አመስግኗቸዋል። ሁለቱም ፍርድ አብሮ ይቆማል፤ በሽታውን ያወቀ ሁሉ መድኃኒቱን ያውቃል ያለ የለም።

ጓዶች፣ ይኸን መጽሐፍ የእንግሊዝ ነገር ነው ብላችሁ አትለፉት። እኛም የነፍስ ወከፍ ገቢ እናሰላለን፣ አማካይ እናወጣለን፣ ትክክል ስንሆን ነጥብ እናገኛለን። መቁጠር አይከፋም፤ ሴንም ቆጥሯል። የሚከፋው ቁጥሩ ላይ ሲደርሱ ጥያቄው አለቀ ማለት ነው። ከመካከላችን አብዛኛው ነገ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ የድሀው ኑሮ በወረቀት ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ይቀርብለታል። ያን ቀን ገንዘቡ በማን እጅ ነው ብሎ የሚጠይቅ ዜሮ ያገኝ ይሆናል። ከቢትዘር መቶ ግን የሲሲ ዜሮ ይሻላል።