በእውነት ማስታወስ፦ የቮልፍ ትምህርት ከላስታ ሲታይ

ሚሮስላቭ ቮልፍ “የትዝታ ፍጻሜ” የተሰኘውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተመው ከራሱ ቁስል ተነሥቶ ነው፤ በ1984 በዩጎዝላቪያ ጦር ውስጥ ሳለ ተደጋጋሚ ምርመራና ማስፈራሪያ ደርሶበት ነበር። ዋና ጥያቄው “እንዴት እናስታውስ?” የሚል ነው። ዛሬ በደልን በእውነት፣ በዘጸአትና በክርስቶስ ሕማም ብርሃን እናስታውሳለን፤ በሚመጣው ዓለም ግን፣ ኢሳይያስ 65፥17 እንደሚያመለክተው፣ በደሉ ወደ ልብ አይመጣም።

መጽሐፉ ለመጋቢያን ትልቅ ጥቅም አለው። ሆኖም መነሻው የአንድ ሰው ትዝታ ነው። ሞሪስ አልብቫክስ እንዳስተማረው ግለሰብም የሚያስታውሰው በማኅበረሰቡ ማዕቀፍ ውስጥ ነው። የሁለት ማኅበረሰቦች ትዝታ ሲጋጭ ምን ይደረግ ለሚለው ቮልፍ በቂ ቦታ አልሰጠም።

ላስታ እዚህ ላይ ያስተምረናል። ይኩኖ አምላክ እ.ኤ.አ. በ1270 የዛግዌን መንግሥት ጣለ። የክብረ ነገሥት መዝጊያም ዛግዌዎችን “እስራኤላውያን አይደሉም” በሚል ይገፋቸዋል። ይሁን እንጂ ያችው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ላሊበላን፣ ይምርሐነ ክርስቶስንና ነአኵቶ ለአብን በቅድስና ታከብራለች። የተሸነፈው ወገን በአገሪቱ ትዝታ ውስጥ የክብር ስፍራ አገኘ። ክብሩ ግን የነገሥታቱ ነው፤ በሥልጣን ሽግግሩ የወደቀውን ተራ ሰው ስም የያዘልን የለም።

ላሊበላ በ2013 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች ተያዘች፤ በ2014 ከእጅ ወደ እጅ ተመላለሰች፤ በ2016 ደግሞ የመንግሥት ጦርና ፋኖ ተዋጉባት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ለሐዘንተኛ “እርሳው” ብሎ መስበክ የመጨረሻውን ዘመን ተስፋ የዛሬ ትእዛዝ ማድረግ ነው። ቮልፍ ራሱ ይህን አይልም፤ ለእርሱ መርሳት ከእግዚአብሔር ፍርድና ከዕርቅ በኋላ የሚመጣ ስጦታ ነው። ቂምን በመድረክ ማደስም መፍትሔ አይሆንም።

ወንጌላት የጴጥሮስን ክህደት አልሸሸጉም፤ ስፍራውንም አልነሡትም። ቤተ ክርስቲያን የራሷን ሰው ውድቀት ጽፋ ትውልድ እንዲያነበው አቆየች። እኛስ? በጌታ እራት ማዕድ ዙሪያ ስንሰበሰብ የሌላውን ወገን ሙታን በጸሎት እናነሣለን? የእኛ ወገን ያደረሰውንስ በደል በግልጽ እንናዘዛለን? ስለ ሰላም የምንሰብከው ስብከት ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መጀመር ይኖርበታል።